ከፖስታው ያልተላቀቀ ቴምብር



በዓለም ያሉ ቴምብር ሰብሳቢዎች ሥራቸውን በልዩ ልዩ ዘርፍ ይከፍሉታል። አንዱ አበባ ብቻ፣ ሌላው ወፍ፣ ሌላው ደግሞ ባቡር የተሣለበትን ይሰበስባል። ከነዚህ ዘርፎች አንዱ በአውሮፓና በአሜሪካ «የክረምት በዓል ቴምብር» የሚባለው ነው። ይህ ስም ግን ወደ አማርኛ ሲገባ ወዲያው ይሰናከላል። በሀገራችን ክረምት ማለት ሰኔ ግም ብሎ ሲገባ የሚጀምረው፣ መስከረም ሲጠባ የሚያበቃው የዝናብ ወራት ነው። በክረምት የሚውል በዓል ቢባል ቡሄን እንጂ ገናን የሚያስብ ሰው አይገኝም። ገና የበጋ በዓል ነው፤ እህሉ ታጭዶ የተከመረበት፣ ሌሊቱ ውርጭ ቀኑ ጠራራ የሆነበት ወቅት ነው። እንግዲህ በታኅሣሥ ወር ከስዊድን ወይም ከካናዳ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ፖስታ፣ በረዶ የከበደው ጥድ የተሣለበትን ቴምብር ለብሶ ሲደርስ፣ ተቀባዩ ከፀሐይ ሸሽቶ ጥላ ሥር ቆሞ ይከፍተዋል።

የዛሬው ንግግር ስለዚህ ዓይነቱ ቴምብር ነው፤ ይልቁንም ቴምብሩ ከተለጠፈበት ፖስታ ጋር ስላለው ዝምድና ነው። ነገሩ ለመሐንዲሶች ጉባኤ የማይስማማ የትርፍ ጊዜ ወሬ መስሎ የሚታየው አድማጭ ቢኖር፣ የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ቴምብር ያስመጣው ሰው መሐንዲስ እንደ ነበረ ከወዲሁ ማስታወስ ይበቃል። በንግግሩ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የገና ስም በቴምብር ላይ ታትሞ የታየው በ1898 በካናዳ ነው። ቴምብሩ ባለ 2 ሳንቲም ሲሆን የዓለም ካርታ ተሥሎበት የብሪታንያ ግዛቶች ሁሉ ቀይ ቀለም ተቀብተውበታል። ይሁን እንጂ የወጣው በዓሉን ለማክበር ተብሎ ሳይሆን በብሪታንያ ግዛቶች መካከል የተደረገውን የፖስታ ዋጋ ቅናሽ ለማብሰር ነበር፤ ቅናሹ የሚጸናበት ቀን ዲሴምበር 25 በመሆኑ የገና ስም አብሮ ገባ። በእርግጥ ለበዓሉ ሰላምታ ታስበው የተሠሩት በ1937 ኦስትሪያ ያወጣቻቸው ሁለት ቴምብሮች ናቸው። አውስትራሊያ ከ1957 ጀምራ ነገሩን የየዓመት ልማድ አደረገችው። የአሜሪካ ፖስታ ቤት በ1962 ባለ 4 ሳንቲም የገና ቴምብር ሲያወጣ መጀመሪያ ያዘዘው 350 ሚሊዮን ነበር፤ ያ ሁሉ ባጭር ጊዜ አልቆ ማተሚያ ቤቱ ሌት ተቀን እየሠራ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ቁጥሩ አንድ ቢሊዮን ደረሰ። እንግሊዝ ደግሞ በ1966 የመጀመሪያዎቹን የገና ቴምብሮች ያተመችው ሁለት የስድስት ዓመት ሕፃናት በሣሉት ሥዕል ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ብዛት ለቆጠራ አይመችም።

ጀማሪ ሰብሳቢ ዘወትር የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። በ1903 ኤይናር ሆልቦል የሚባል የዴንማርክ ፖስታ ቤት ሠራተኛ፣ በገና ሰሞን የሚጎርፈውን ደብዳቤ ሲለይ ሳለ፣ በያንዳንዱ ፖስታ ላይ ለበጎ አድራጎት የምትከፈል ጥቂት ሳንቲም የምታወጣ ትንሽ ወረቀት ብትለጠፍ ብሎ አሰበ። ንጉሡም ፈቀዱ፤ በመጀመሪያው ዓመት ከ4 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፤ ገንዘቡም የሳንባ ነቀርሳ ለያዛቸው ሕፃናት ተመደበ። ይህች ወረቀት ቴምብር ትመስላለች እንጂ የፖስታ ዋጋ አትከፍልም። ሀገራችን በ1951 ለዚሁ በሽታ መከላከያ ያወጣቻቸው፣ ዛፍና እባብ የተጠመጠመበት በትር የሚታይባቸው ቴምብሮች ግን ከዚህ ይለያሉ። እነርሱ የፖስታ ዋጋንም የእርዳታውንም ተጨማሪ ባንድነት የሚያስከፍሉ እውነተኛ ቴምብሮች ናቸው። ሁለቱን ባንድ ገጽ ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ሰብሳቢ ስሕተት አልሠራም፤ ዝምድናቸውን እስካወቀ ድረስ።

በኢትዮጵያ ቴምብሮች መካከል ገናን የሚፈልግ ሰው «ገና» የሚለውን ቃል ብቻ ይዞ ከተነሣ ብዙ አይራመድም። መከተል የሚገባው ስሙን ሳይሆን ነገሩን ነው። በ1967 በዲሴምበር ወር የላሊበላ መስቀሎች የታተሙባቸው ቴምብሮች ወጥተዋል። በ1970 ደግሞ ከአለት የተፈለፈሉት የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ወጡ፤ ከነዚህም መካከል ቤተ ማርያም ይገኛል። በአውሮፓ መዝገብ ቢፈለጉ ሁለቱም የሚገኙት «ጥንታዊ ቅርስ» በሚለው ክፍል ነው። የሀገሩ ሰው ግን ሌላ ያውቃል። እንደ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ንጉሥ ላሊበላ የተወለደው ታኅሣሥ 29 ቀን ነው፤ በዚያችው ዕለት በቤተ ማርያም ካህናቱ ከአለቱ አፋፍ ላይና ከታች ከግቢው ሆነው ቤዛ ኩሉን እየተቀባበሉ ያዜማሉ። ለላሊበላ ሰው ገናና የንጉሡ ልደት አንድ በዓል ነው። ስለዚህም በዚያ ቴምብር ላይ አንዲት የገና ፊደል ባትኖርም፣ ባለ በረዶው የካናዳ ጥድ የገና ቴምብር ከተባለ ቤተ ማርያም ይበልጡን ልትባል ይገባታል።

ከዚህ ላይ የዘመን አቆጣጠሩ ጉዳይ ይመጣል። የሁለቱ ገናዎች ርቀት 13 ቀን ነው። ገና በልማድ ታኅሣሥ 29 ይባላል፤ ነገር ግን ጳጉሜን ስድስት በሆነች ማግስት በሚገባው ዓመት በዓሉ ታኅሣሥ 28 ይውላል። በአውሮፓ አቆጣጠር ሲታይ ግን ምንጊዜም ጃንዋሪ 7 ነው። ምንጊዜም የተባለው እስከ 2100 ድረስ መሆኑን መሐንዲስ አይዘነጋውም፤ የአውሮፓው አቆጣጠር የዚያን ዓመት ፌብሩዋሪ 29 ስለሚተው ከዚያ በኋላ ርቀቱ 14 ይሆናል።

ይህ የ13 ቀን ክፍተት ለቴምብር ሰብሳቢ ምን ይፈይዳል? በውጭ ሀገር ይማር የነበረ አንድ ኢትዮጵያዊ ለወላጆቹ የላከው የገና ካርድ ይታሰብ። በፖስታው ላይ የአሜሪካ የገና ቴምብር አለ፤ ማኅተሙ ዲሴምበር 27 ይላል። ይህን ፖስታ ያገኘ አሜሪካዊ ሰብሳቢ «ዘግይቶ የተላከ» ብሎ ያልፈዋል። አድራሻውን ዝቅ ብሎ ያነበበ ሰው ግን ልጁ ሁለት ሳምንት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው አስቦ፣ ደብዳቤው ለታኅሣሥ 29 እንዲደርስ ቀኑን ቆጥሮ እንደ ላከው ይረዳል። ልጁ በሰው ሀገር ሳለ በየትኛው ቀን መቁጠሪያ ይኖር እንደ ነበር የሚመሰክረው ያ ማኅተም ብቻ ነው። ማኅተሙም በፖስታ ቤት ሲመታ ከክቡ ሩብ ያህሉ በቴምብሩ ላይ፣ የቀረው በፖስታው ወረቀት ላይ ያርፋል። ቴምብሩን ለይቶ የወሰደ ሰው ሩቡን ይዞ ሦስት ሩቡን ጥሏል፤ አድራሻውንም አብሮ።

ወደ ጥንቱ ከተሄደ ጉዳቱ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። አልፍሬድ ኢልግ በ1854 በስዊዘርላንድ የተወለደ መሐንዲስ ነው። በ1879 ወደ ሸዋ መጥቶ ለምኒልክ ድልድይ ሠርቷል፣ ወደ ቤተ መንግሥቱም ውሃ በቧንቧ አስገብቷል። በ1894 የባቡር ሐዲድ ሥራ ፈቃድ የተሰጠው ለእርሱ ነው፤ በዚያው ዘመን የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቴምብሮች በእርሱ አማካይነት በፓሪስ ታተሙ። አራቱ የምኒልክን መልክ፣ ሦስቱ ዘውድ የጫነውን አንበሳ ይዘዋል፤ ቅርጹን የሠራው ሙሾን የተባለው ፈረንሳዊ ቀራጭ ነው። ካናዳ የገናን ስም በቴምብር ላይ ከማተሟ አራት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ባቡር፣ ገንዘብና ቴምብር ባንድ ሰው እጅ መግባታቸው ለአንዳንዱ የንግድ ብልጠት ብቻ መስሎ ይታየዋል። በመሐንዲስ ዓይን ግን ሦስቱም አንድ ሥራ ናቸው፤ ነገርን ከቦታ ወደ ቦታ በታወቀ ዋጋ ማድረስ።

ቴምብሩ ቢታተምም መንገዱ ገና አልተሠራም ነበር። ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1908 ነው። ከዚያ በፊት የኢትዮጵያ ቴምብር ዋጋ የነበረው እስከ ጠረፍ ብቻ ነበር። ከሐረር ወደ ፓሪስ የሚላክ ደብዳቤ ስለዚህ ሁለት ቴምብር ይለጠፍበታል፤ እስከ ጅቡቲ የሚያደርሰው የምኒልክ፣ ከጅቡቲ ወዲያ የሚያሻግረው የፈረንሳዮቹ። በ1902 ደግሞ በቀድሞዎቹ ቴምብሮች ላይ «ቦስታ» የሚል ቃል ተደርቦ ታተመ። «ፐ» ለአማርኛ ጆሮ ገና እንግዳ በነበረበት ጊዜ ቃሉ እንዴት ይነገር እንደ ነበር ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም። አሁን በዚያ ዘመን በሐረር ይኖር የነበረ አንድ ነጋዴ ለገና ሰላምታ የላከው ፖስታ በሰብሳቢ እጅ ገባ እንበል። የምኒልክን ቴምብር ብቻ ቀርፎ በአልበሙ ቢለጥፈው፣ በመዝገብ ውስጥ የተዘረዘረ አንድ ቴምብር አገኘ። ሁለቱ ቴምብሮች ጎን ለጎን ሆነው በየራሳቸው ማኅተም የሚናገሩትን የጉዞ ታሪክ ግን በገዛ እጁ አጠፋ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ባጭሩ ማለፍ ይቻላል። ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። በነሐሴ 1921 ዓ.ም. የመንግሥቱ የመጀመሪያ አውሮፕላን አዲስ አበባ ሲገባ፣ ለመታሰቢያው በነበሩት ቴምብሮች ላይ የአውሮፕላን ምስልና ጽሑፍ ተመታባቸው። ያን ጊዜ በችኮላ የተመታው ማኅተም ዓይነቱ ብዙ በመሆኑ ዛሬም ሰብሳቢዎችን ያከራክራል።

አውሮፕላኑም ነገሩን ወደ ልደታ ያመጣዋል። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በዓሏም ግንቦት 1 ቀን ይከበራል። የእናቲቱ ልደት በግንቦት፣ የልጇ ልደት በታኅሣሥ ሆኖ፣ ሰፈሩ የልደትን ስም ዓመት ሙሉ ይዞ ይኖራል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 በረራ ሲጀምር መነሻው የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር፤ የመጀመሪያው መስመርም በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የሚያደርሰው ነው። ጄት አውሮፕላን ሲመጣ የልደታ ሜዳ ስላልበቃ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ሥራው ወደ ቦሌ ተዛወረ፤ አሮጌው ኤርፖርት የሚለው ስም ግን እስከ ዛሬ አለ። በነዚያ አሥራ አምስት ዓመታት ገደማ ከውጭ በአየር የሚመጣው የገና ካርድ የሚያርፈው እዚያው ልደታ ነበር። ከዚያ ወደ ፖስታ ቤት ተወስዶ፣ ማኅተም ተመቶበት፣ ምናልባትም ወደ ተነሣበት ሰፈር በእግር ይመለስ ነበር።

በእግር የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። በአዲስ አበባ ደብዳቤ የሚመጣው ለቤት ቁጥር ሳይሆን ለፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። የራሱ ሣጥን የሌለው ሰው በመሥሪያ ቤቱ፣ በትምህርት ቤቱ ወይም ሣጥን ባለው ዘመድ አድራሻ ይጻፍለታል። ስለዚህ ከፖስታው ላይ የሚነበበው አድራሻ ብዙ ይናገራል። ልጅ አሜሪካ፣ እናት ልደታ፣ ሣጥኑ ግን የአጎት መሥሪያ ቤት ከሆነ፣ የቤተ ሰቡን የመገናኛ ሥርዓት የሚያሳይ ንድፍ በሦስት መሥመር ተጽፎ ይገኛል። የሰፈር ልጆች ቴምብር የሚያገኙትም በዚሁ ሥርዓት ነበር። ደብዳቤ የሚያመላልሰውን የመሥሪያ ቤት ተላላኪ በር ላይ ጠብቀው «ጋሼ፣ ቴምብሩን ይስጡኝ» ይላሉ፤ እርሳቸውም ደስ ካላቸው የፖስታውን ጥግ ቀደው ይሰጣሉ። በዚያች ደግነት ስንት አድራሻ እንደ ተቀደደ የሚቆጥረው የለም።

የቴምብር ሰብሳቢዎች የቆየ ደንብ ግን ማላቀቅን ያዛል። ቴምብሩ ለብ ባለ ውሃ ይነከራል፤ ሙጫው ሲለቅ በወረንጦ ተነሥቶ በንጹሕ ወረቀት ላይ ይደርቃል፤ ከዚያ ለእርሱ ተብሎ በታተመው የአልበም ገጽ ላይ ይገባል። ይህን ደንብ መናቅ አይገባም። አልበሙ ቦታ ይቆጥባል፤ ሥርዓት ያስተምራል፤ የጎደለው ወዲያው ይታያል። ጥርሱን ለመቁጠር፣ ወረቀቱንም ወደ ብርሃን ይዞ ምልክቱን ለማየት የተላቀቀ ቴምብር ይመቻል። ተራ ቴምብር በተራ ፖስታ ላይ ሺህ ጊዜ የሚገኝ ከሆነም ሁሉን ፖስታ ማከማቸት ትርፉ አቧራ ነው።

ለበዓል ቴምብር ግን ደንቡ አይሠራም፤ ምክንያቱም ሁለት ነው። አንደኛው ከላይ የተባለው ነው፤ የበዓል ደብዳቤ ትርጉሙ ቀኑ ነው፤ ቀኑም በፖስታው ላይ ይቀራል። ሁለተኛው የቁሳቁስ ጉዳይ ነው። የገና ካርድ ፖስታ ብዙ ጊዜ ቀይ ወይም አረንጓዴ ነው፤ ውሃ ሲነካው ቀለሙን ይለቅና ቴምብሩን ያጠነባዋል። ከዚህም ሌላ አሜሪካ በ1974 ለገና ያወጣችው ባለ 10 ሳንቲም ቴምብር፣ ምራቅ ሳይነካው የሚጣበቅ የመጀመሪያ ሙከራዋ ነበር። ሙከራው ውድ ሆነ፤ ሙጫውም ከዓመታት በኋላ ወረቀቱን እያጠቆረ ቴምብሩን አበላሸው። በኋላ ዘመን ይህ ዓይነቱ ማጣበቂያ የተለመደ ሲሆን፣ ብዙዎቹ የአሜሪካ ቴምብሮች በውሃ አልላቀቅ አሉ። ያልታሰበበት የኬሚስትሪ ለውጥ ለፖስታው ጥብቅና ቆመለት ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ዛሬ የሚነሣው ጉዳዩ ጊዜ የማይሰጥ ስለሆነ ነው። በኢሜይልና በእጅ ስልክ ዘመን ከባሕር ማዶ ቴምብር ተለጥፎበት የሚመጣ የገና ካርድ እየጠፋ ነው። እንግዲህ ያለው በየቤቱ በሣጥንና በሻንጣ ውስጥ የተቀመጠው ብቻ ነው። ልደታም በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ዓመታት አሮጌ ቤቶቿ ፈርሰው ኮንዶሚኒየምና ፎቅ ሲሠራባት፣ ብዙ ቤተ ሰብ ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውሯል። ቤት ሲለቀቅ አልጋና ቁም ሣጥን ይጫናል፤ በአልጋ ሥር ያለው የወረቀት ክምር ግን ማን ያየዋል? መሐንዲስ ሆኖ በመልሶ ማልማት ሥራ ላይ የተሰማራ ባልደረባ ከማፍረሱ በፊት የቧንቧና የመብራት መሥመር እንዲቆረጥ ያዛል። ለነዋሪዎቹ ወረቀታቸውን እንዲያዩ የሁለት ቀን ማሳሰቢያ ቢጨምርበት ከሥራው መርሐ ግብር የሚጎድለው የለም።

የተረፈውን ማቆየት ከባድ አይደለም። ጠላቱ ክረምት ነው፤ እዚህ ላይ «የክረምት ቴምብር» የሚለው ስም ትክክለኛ ትርጉሙን ያገኛል። በሐምሌና በነሐሴ እርጥበት ያልተጠቀመበት ቴምብር ሙጫው ለስልሶ ከጎረቤቱ ጋር ይጣበቃል፤ ወረቀቱም ይሻግታል። ፖስታዎቹ ከግድግዳና ከወለል ርቀው፣ እንደ መጽሐፍ ቆመው እንጂ ተደራርበው ሳይሆን፣ በካርቶን ሣጥን ቢቀመጡ ይሻላል። የብረት ማያያዣ ይዝጋል፤ ፕላስተር ይቢጫል፤ የሚሸት ለስላሳ ፕላስቲክ ከጊዜ በኋላ ቀለም ይመጥጣል። ካርዱም ከፖስታው ሳይለይ አብሮ ይቀመጥ፤ የቴምብሩን ቀን ምክንያት የሚናገረው እርሱ ነውና።

ላኪው ማን እንደ ነበረ፣ የሣጥኑ ቁጥር የማን እንደ ሆነ የሚያውቁ አረጋውያን በቤት ካሉ፣ ሳይውል ሳያድር ተጠይቀው መልሱ ከፖስታው ጀርባ በቀጭኑ ይጻፍ። የሚጻፈውም በእርሳስ ነው፤ የብዕር ቀለም ከጊዜ በኋላ ወደ ፊት ዘልቆ ማኅተሙን ያጠፋዋል።